ክርክር፦ እናትና አባት በየልጁ ቤት ተለያይተው ይኑሩ ወይስ አብረው መጦሪያ ይግቡ?

የበኩር ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ቤተሰባችንን ለሁለት የከፈለ ጉዳይ ነው። አባዬ 84፣ እማዬ 78 ዓመታቸው ነው፤ ከተጋቡ 56 ዓመት ሆናቸው። ላለፉት ሁለት ዓመታት እማዬ እኔ ጋ፣ አባዬ አትላንታ ወንድሜ ጋ ናቸው። እማዬ ቡና ሲያፈሉ ስልኩን ከረከቦቱ አጠገብ አቁመው ነው የሚያወሯቸው። አሁን እዚህ ሰፈሬ ያለ የአዛውንቶች መኖሪያ ለሁለቱም የሚሆን አንድ ክፍል አለኝ ብሏል። እኔ ይግቡ ባይ ነኝ። ወንድሜ «እኔ በሕይወት እያለሁ አባቴ መጦሪያ አይገባም» ብሎ ስልክ ዘጋብኝ። እስቲ ተከራከሩበት።

የማርቆስ ልጅ፦
እህቴ፣ ወንድምሽ ልክ ነው። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለው ሲመርቁን የኖሩ ሰዎች ራሳቸው ጧሪ ይጡ? አባቴ አያቴን የጦረው በአንዲት ጎጆ ውስጥ ነው። እኛ ባለ ሦስት መኝታ ቤት ይዘን ጠበበን እንላለን። እዚያ እራት 11 ሰዓት ላይ ነው፣ በጾም ቀን ዶሮ ይቀርብላቸዋል። አባትሽ ሌሊት ጠምቷቸው ቢጣሩ ማን ይሰማቸዋል? በየትኛው ቋንቋ?

ነርሷ (አሌክሳንድሪያ)፦
ነርሲንግ ሆም (ሌት ተቀን የነርስ ክትትል ያለበት መጦሪያ) 14 ዓመት ሠርቻለሁ። የቋንቋውን ነገር ወንድሜ እውነቱን ነው፤ አማርኛ ብቻ የሚችሉ እናት ቀኑን ሙሉ ዝም ብለው ሲውሉ አይቼ አልቅሻለሁ። ብቻቸውን ነበሩ። አሁን ያለሁበት ፎቅ ላይ ግን የሀገራችን ሰዎች የሆኑ ባልና ሚስት አሉ። ጠዋት 1 ሰዓት ስገባ ባልየው ዳዊታቸውን እየደገሙ ነው፤ ሚስትየው እሳቸው ሳይጨርሱ ቁርስ አይነኩም። መድኃኒት ሲመጣ የራሳቸውን ከመዋጣቸው በፊት የባላቸውን ክኒን ይቆጥራሉ፣ አንዱ ከጎደለ ነርሷን አይለቋትም። ከሰል ክልክል ነው፣ ዕጣንም የጭስ ደወሉን ያስጮኸዋል። ስለዚህ ቡናው ከውጭ ተቆልቶ ይመጣና በጋራው ማድቤት በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል። በረካው ላይ የጎረቤት ክፍሏ ፊሊፒናዊት አሮጊት ትደርሳለች፤ አንድ ቃል ሳይግባቡ ይስቃሉ። ከሰዓት ሌላው ለቢንጎ ሲወርድ እነሱ ተደጋግፈው መተላለፊያውን ይመላለሳሉ። ጾሙን ልጃቸው ከምግብ ባለሙያዋ ጋር ተቀምጦ ካሌንደር ላይ ምልክት አደረገላት፤ ረቡዕና ዓርብ ምስር ይመጣል። ጨው የለውም ብለው ያማርራሉ፣ ግን ይበሉታል።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው መብት ልንገራችሁ። ባልና ሚስት ሁለቱም ከሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) ወይም ከሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የመንግሥት የጤና መድን) ክፍያ የሚቀበል አንድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሚኖሩ ከሆነና ሁለቱም ከተስማሙ፣ አንድ ክፍል መጋራት በፌዴራል ደንብ መብታቸው ነው። አሲስትድ ሊቪንግ (በዕለት ኑሮ እገዛ ብቻ የሚሰጥ የአዛውንቶች መኖሪያ) ከሆነ ግን የሚገዛው የስቴቱ ሕግ ነውና ውሉን በደንብ አንብቢ።

የማርቆስ ልጅ፦
ያንቺ ፎቅ ጥሩ ነው እህቴ። የጓደኛዬ አባት ግን የጥሪውን ደውል ተጭነው ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ ነበር።

ነርሷ፦
አልክድም። እኔም በማታ ፈረቃ ለብዙ ሰው ብቻዬን የቀረሁበት ቀን አለ። ቤቱን ቅዳሜ ማታ፣ ያለ ቀጠሮ ሄዳችሁ እዩት የምለው ለዚህ ነው። ሰኞ ጠዋት ሁሉም ቤት ያምራል።

ሒሳብ ሠራተኛው፦
ሜዲኬር ይከፍላል ብላችሁ እንዳትገቡ። ሜዲኬር የሚከፍለው ቢያንስ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ለወጣ፣ የነርስ ክትትል ወይም ቴራፒ ለሚያስፈልገው ሰው፣ እስከ 100 ቀን ነው፤ ሙሉውን የሚችለውም የመጀመሪያዎቹን 20 ቀናት ብቻ። ሜዲኬይድ ነርሲንግ ሆም ይከፍላል፣ ነገር ግን ገቢና ንብረት ይመረምራል፤ ባለፉት 5 ዓመታት ለልጅ የተላለፈ ቤት ወይም ገንዘብ ካለም ይጠይቃል። የአሲስትድ ሊቪንግን ኪራይና ምግብ አይሸፍንም። ከ1996 እ.ኤ.አ. ሕግ ወዲህ ደግሞ በልጆቻቸው በኩል ግሪን ካርድ አግኝተው 5 ዓመት ያልሞላቸው ወላጆች በአብዛኛው ሜዲኬይድ አያገኙም። ያንቺ የትኛው ዓይነት ቤት ነው?

የበኩር ልጅ፦
አሲስትድ ሊቪንግ ነው። አባዬ ፓርኪንግ 22 ዓመት ሠርተዋል፣ ሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) አላቸው። የጎደለውን እኔና እህቴ እንሞላለን።

ከስቶክሆልም፦
እዚህ ስዊድን ከኅዳር 2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከባልና ሚስት አንዱ መጦሪያ መግባት ካለበት ሌላው ጤነኛ ቢሆንም አብሮ መግባት በሕግ መብቱ ነው። ፈረንጅ ዘመድ አያውቅም እንላለን። እሱ አረጋውያንን አታለያዩ ብሎ ሕግ ሲጽፍ፣ እኛ እናትን ልጅ እንዲያሳድጉልን ሜሪላንድ፣ አባትን ባዶ ክፍል ስለተገኘ አትላንታ አድርገን «ጦርን» እንላለን። 56 ዓመት አንድ ትራስ ላይ ያደሩ ሰዎችን እንደ ውርስ መከፋፈል ነው ነውሩ።

የማርቆስ ልጅ፦
ይህን በዚህ መልክ አላሰብኩትም፣ ልክ ነህ። ግን መለያየት ነውር ከሆነ መልሱ የግድ መጦሪያ ነው? ምድር ቤት ያለ አፓርታማ ተከራይታላቸው ሰው አትቀጥርም?

የበኩር ልጅ፦
ሞክረነዋል ወንድሜ። ሰዎቹ አብረው ነበሩ፣ ቀን ቀን ሠራተኛ ነበረች። አንድ ሌሊት አባዬ መታጠቢያ ቤት ወደቁ። እማዬ ማንሳት አቃታቸው። እኔ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበርኩ፣ ስልኬ ሎከር ውስጥ ነው። ንጋት ላይ ስደርስ እማዬ ጋቢያቸውን አልብሰዋቸው አብረዋቸው ሲሚንቶው ላይ ተቀምጠዋል። «ብርድ እንዳይመታው ብዬ ነው» አሉኝ። አትላንታና ሜሪላንድ የተለያዩት ከዚያ በኋላ ነው።

እትዬ (ዳላስ)፦
ልጆቼ፣ እኔ 73 ዓመቴ ነው፤ የምትከራከሩት ስለ እኔ ነው። ልጄ ቤት ነው ያለሁት፣ ይወዱኛል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሁሉም ይወጣል፤ እስከ ማታ የማናግረው ሰው የለም። ባለቤቴ ቢኖር ከእሱ ጋር የትም እገባ ነበር። ለመሆኑ ይህን ሁሉ ስታወሩ አንድ ሰው ሁለቱን ጠይቋቸዋል?

የበኩር ልጅ፦
እውነቱን ለመናገር እትዬ፣ አልጠየቅኳቸውም። እኔና ወንድሜ እርስ በርሳችን ነው የተጣላነው።

የበኩር ልጅ፦
ጠየቅኳቸው። እማዬ «አባትሽ ምን አሉ?» አሉ። አትላንታ ደወልኩ፤ አባዬ «እሷ ምን አለች?» አሉ። በአንድ መስመር አገናኝቻቸው ከክፍሉ ወጣሁ። 40 ደቂቃ አወሩ። ሲጨርሱ እማዬ ያሉኝ «ረከቦቴን ያስገቡልኛል?» ብቻ ነው። ቅዳሜ ማታ ያለ ቀጠሮ እንሄዳለን። ወንድሜም እየነዳ ይመጣል።

የማርቆስ ልጅ፦
የሌሊት ተረኛው ማን እንደሆነ ጠይቂ። አማርኛ የሚሰማ ሰው ካለ፣ ከሌለም፣ እዚሁ ጻፊልን።