ለከንፈር ሄርፒስ ሻይ፣ እንክብል፣ ቅባት ወይስ ኪኒን? የእኔ ጥቆማ

«አረንጓዴ ሻይ ሄርፒስን ይገድላል ይባላል፤ የትኛውን ልግዛ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ነው ይሄ። ሄርፒስ ከንፈር ላይ ቁስል የሚያወጣ ቫይረስ ነው፤ እኔም ቁስሉ ሲወጣብኝ ምች መታኝ እያልኩ ዓመታት የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ጉዳዩ ይገባኛል።

ወሬው ከመሬት አልተነሳም። ሻይ ቅጠሉ ውስጥ ካቴኪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ዋናው ኢጂሲጂ ይባላል። በ2008 የወጣ የቤተ ሙከራ ጥናት ኢጂሲጂ ሄርፒስ ሁለትን (በብዛት ብልት ላይ የሚወጣውን ዓይነት) ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ 1,000 እጥፍና ከዚያ በላይ እንደቀነሰው አሳይቷል። በብዛት ከንፈር ላይ የሚወጣውን ሄርፒስ አንድንም ጎድቶታል። ቫይረሱን በቀጥታ አግኝቶ ሽፋኑን ያበላሸዋል ማለት ነው። ደስ ይላል አይደል? ግን እዚያው ጥናት ላይ ሌላም ነገር አለ። ቫይረሱ የሚራባባቸውን የቤተ ሙከራ ሴሎች አስቀድመው ለ48 ሰዓት በኢጂሲጂ ነክረዋቸው ነበር፤ ቫይረሱ ሲገባባቸው ግን እንደልቡ ተራባ። ለእኔ ነገሩን የቋጨው ይሄ ነው። ስንጠጣው ደግሞ ደም ውስጥ የሚደርሰው በጣም ጥቂት ነው። ቫይረሱም ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚከርመው።

ስለዚህ ሻዩን ከወደዳችሁት ጠጡት፤ መድኃኒት ነው ብላችሁ ግን አትጠብቁ። እኔ የቀዘቀዘ የሻይ ከረጢት ከንፈሬ ላይ ይዤ እቀመጥ ነበር። ማቃጠሉን ቀዝቀዝ ያደርግልኛል። ቁስሉ ግን ውሃ መቋጠሩንም፣ ቅርፊት መያዙንም አልተወም፤ እስኪረግፍ ያው ሳምንት አለፈው።

የአረንጓዴ ሻይ እንክብሉን አልመክርም። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2018 እንዳለው፣ በእንክብል መልክ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ኢጂሲጂ መውሰድ ጉበት ላይ ጫና ሊያመጣ ይችላል። ጉበቴን ለከንፈሬ ብዬ አልሰጥም።

ከአረንጓዴ ሻይ የተሠራ በሐኪም የሚታዘዝ ቅባትም አለ፤ ቬሬጄን ይባላል። አሜሪካ ውስጥ በ2006 የተፈቀደው ለብልት ኪንታሮት ነው። ያ ሌላ ቫይረስ ነው፤ ለሄርፒስ ብላችሁ እንዳትቀቡት።

እኔ የምመርጠው የሄርፒስ መድኃኒት የሆነውን ኪኒን ነው፤ አሲክሎቪር ወይም ቫላሲክሎቪር። አሲክሎቪር ሥራ የሚጀምረው በቫይረሱ በራሱ ኢንዛይም ስለሆነ ጤነኛውን ሴል እምብዛም አይነካም። ቫላሲክሎቪርም ሰውነት ውስጥ ወደ አሲክሎቪር ነው የሚለወጠው፤ ለከንፈር 2 ግራም፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ደግሞ 2 ግራም፣ በቃ። ተአምር አይጠበቅም፤ ቁስሉ የሚቆይበትን ጊዜ በአንድ ቀን ገደማ ነው የሚያሳጥረው። የአሲክሎቪር ክሬም ከዚያም ያንሳል። ዋናው ሰዓቱ ነው። ጠዋት ፊታችሁን ስትታጠቡ የከንፈራችሁ ጥግ ነዘር፣ ለብለብ ካደረጋችሁ ያኔውኑ ዋጡት። ውሃ ከቋጠረ በኋላ ጥቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ሐኪም ቀድሞ እንዲያዝላችሁ አድርጉና ቤት ይቀመጥ። ኩላሊት የሚያመው ሰው መጠኑ ስለሚቀየር ይናገር።

ዓይን ከቀላና ካመመ ግን ይሄን ሁሉ ተዉትና በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ። ቁስሉ እያለም ሕፃን እንዳትስሙ።