የአለቃዬን የመመረቂያ ጽሑፍ እየጻፍኩ ነው፤ እንዴት ልውጣ?

እባካችሁ ምከሩኝ። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው። አለቃዬ ማስተርሱን በማታ ይማራል። ባለፈው ወር ፍላሽ ሰጠኝና «አንቺ ስትጽፊ ያምርብሻል፣ እስቲ ምዕራፍ ሁለትን አስተካክዪልኝ» አለኝ። ስከፍተው ያለው የስሙ ገጽ ብቻ ነው። ምኑን ላስተካክል?

ጻፍኩለት። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነው የጻፍኩት። ስለ ታክሲ ሰልፍ ለራሴ ማስተርስ ያሰብኩትን ሐሳብ ሳይቀር ከተትኩበት። የቡድን መሪ ቦታ ክፍት ነው፤ እሱም «አልረሳሽም» ብሏል። ያማለለኝ ይኼ ነው።

አሁን የባሰ መጣ። 120 መጠይቅ አባዝቶ አመጣልኝ፤ «እቤትሽ ሆነሽ በተለያየ እስክሪብቶ ሙዪው» አለኝ። ትናንት ማታ ሰማያዊና ጥቁር ይዤ ተቀመጥኩ። ለአንዱ ጽሑፌን አጋደልኩ፣ ለሌላው አሳነስኩ። ሰባተኛው ላይ እጄ እምቢ አለ። «በጣም እስማማለሁ» ላይ ራይት አደርጋለሁ፤ ማን ነው የተስማማው?

ስድስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ጋ «ሪሰርች እናማክራለን» የሚል ወረቀት ሞልቷል። እዚያ ይሂድ እንዳልል፣ ያው ነው።

የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996ንም አየሁት። የሚጠብቀው የተጻፈውን እንጂ ሐሳብን አይደለም። ታዲያ የታክሲ ሰልፌ ሄደ ማለት ነው?

ሐሙስ መጠይቁን ይጠብቃል። ሳልጣላው ምን ብዬ እምቢ ልበል? ለዩኒቨርሲቲው አማካሪ መምህሩ ብናገርስ፣ እኔም አብሬ አልጠየቅም? የደረሰበት ሰው ካለ ይንገረኝ።