ቤት ለቤት እየዞሩ ሕፃናት ያሏቸውን ቤተሰቦች የሚረዱ ሴቶችን በምን መልክ እናመስግን?

ጥያቄ፦ የእድር ጸሐፊ፣ ምሥራቅ ጎጃም

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በቀበሌያችን ጤና ኬላ የሚሠሩት ሁለቱ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና አብረዋቸው የሚደክሙት የሴቶች ልማት ቡድን መሪዎች፣ ነፍሰ ጡሮችንና ጨቅላ ሕፃናት ያሏቸውን እናቶች በየቤታቸው እየተገኙ ሲረዱ ዓመታት ተቆጥረዋል። እድራችን በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ምስጋና ሊያቀርብላቸው ወስኗል፤ በአቀራረቡ ላይ ግን አልተስማማንም። ከፊሎቻችን ከሁለቱ ባለሙያዎች አንዷን «የዓመቱ ምርጥ» ብለን ጋቢና የምስክር ወረቀት እንስጥ ስንል፣ ሌሎቻችን ገንዘቡ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ይከፋፈል እንላለን። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሞዴል የተባሉ ቤተሰቦች ሲመረቁና የምስክር ወረቀት ሲቀበሉ አይተናል። ቤተሰቦቹን ለዚያ ያበቋቸው ሴቶች ግን በእኛ አካባቢ በምረቃው ዕለት ወንበር ሲደረድሩና ቡና ሲያፈሉ ነበር የሚታዩት። ይህን የሚያርም ነገር ብናደርግ ደስ ይለናል። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩን?

ምላሽ 1፦ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ደስ አሰኝቶኛል። በቅድሚያ ከሁለት አንዷን የመምረጡን ሐሳብ እንድትተዉት እለምናለሁ። በአንድ ቀበሌ ሁለት ሆነን የምንመደበው አንዳችን ኬላ ስንውል ሌላችን ወደ ጎጦች እንድንወጣ ስለሆነ፣ የአንዷ ውጤት ሌላዋ ኬላውን ባትጠብቅ ኖሮ አይገኝም ነበር። አንዷ ተሸልማ ሌላዋ እያጨበጨበች ከዋለች በኋላ በማግሥቱ አብሮ መሥራት ቀላል አይደለም።

ከዚያ በኋላ የምታመሰግኑትን ሥራ በስሙ ጥሩት። «ላበረከተችው ከፍተኛ አስተዋጽኦ» የሚል ወረቀት ለማንም ሊጻፍ ይችላል። እኛ አገር ሕፃኑ ክርስትና ሳይነሣ ባዕድ ሰው አራስ ቤት እንዲገባ የማይፈቅዱ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ እኛ ደግሞ እናቲቱንና ሕፃኑን ማየት ያለብን በእነዚያው የመጀመሪያ ቀናት ነው። በሩ ቢከፈትልን እንኳ አያቲቱ ለአራሱ ቅቤ ልታቀምስ ተዘጋጅታ፣ እንገሩም ለልጅ አይሆንም ተብሎ ታልቦ ሊደፋ ሲል እንደርሳለን። አያቲቱን በምራቷ ፊት ሳያሳፍሩ፣ እንገሩ ሕፃኑን ከበሽታ እንደሚከላከልለትና እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ውኃም እንደማያስፈልገው እስኪያስረዱ ድረስ ግማሽ ቀን ያልፋል፤ አንዳንዴ ተመልሶ መምጣትም ይጠይቃል። በወሩ ሪፖርት ላይ ይህ ሁሉ የሚሰፍረው አንድ የድኅረ ወሊድ ጉብኝት ተብሎ ነው። ስለዚህ በጉባኤው ላይ ከእናቶቹ መካከል ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ሦስት ሰዎች ተነሥተው የተደረገላቸውን በራሳቸው አንደበት ቢናገሩ፣ ለእኔ ቢሆን ከጋቢው ይበልጥብኛል። (ጋቢውንም ግን እንዳታስቀሩት!)

ምላሽ 2፦ የጤና ጣቢያ ድጋፍ ሰጪ ባለሙያ

እህቴ ባለችው ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከሪፖርት ቁጥር ተነሥታችሁ ምስጋናውን አታበላልጡ። በመንገድ ዳር ያለ ጎጥና ገደል ተወርዶ የሚደረስበት ጎጥ በጉብኝት ብዛት አይወዳደሩም። ከዚህ የከፋም አለ፤ የሕፃናትን ክንድ እየለካች ልኬታቸው ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆኑትን፣ ማለትም በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዱትን፣ አንድ በአንድ ፈልጋ ያወጣች ባለሙያ አንዳንድ ጊዜ ቀበሌዋን እንዳሳጣች ትቆጠራለች፤ ያልፈለገችው ግን ንጹሕ ሪፖርት ይዛ ትቀርባለች። ሽልማት በቁጥር ከሆነ የምትቀጡት ትጉዋን ነው።

ደብዳቤውን በተመለከተ፣ ዋናው ለባለሙያዋ ተሰጥቶ ግልባጩ ለጤና ጣቢያውና ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይላክ፤ በግል ማኅደሯም እንዲያያዝ በግልጽ ይጠየቅ። በግድግዳ የሚሰቀል ወረቀት ባለሙያዋ ስትዛወር ወይም ደረጃዋን ለማሻሻል ስትወዳደር የሚያይላት የለም። ቀኑንም አስቀድማችሁ ከእነርሱ ጋር ተማከሩ፤ የክትባት ዘመቻ ባለበት ሳምንት ከተጠሩ ምስጋናው ራሱ ተጨማሪ ሥራ ይሆንባቸዋል።

ምላሽ 3፦ የቀድሞ የልማት ቡድን መሪ

ባለሙያዎቹ ትንሽም ቢሆን ደመወዝ አላቸው። እኛ የቡድን መሪዎች ግን በአንድ ለአምስት ተደራጅተን ጎረቤቶቻችንን ስንቀሰቅስ፣ ነፍሰ ጡሯን ወደ ጤና ጣቢያ ስንሸኝ የምንሠራው በነፃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ለሥራቸው ክብደትና ለሚያጠፉት ሰዓት የሚመጥን ክፍያ እንዲያገኙ መክሯል። ያው ድርጅት በ2022 «አሻ» ለሚባሉት፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ለሆኑት የህንድ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ሴቶች ዓለም አቀፍ ሽልማት ሰጠ፤ ሴቶቹ ግን ከዚያ በኋላም ቋሚ ደመወዝ እንዲቆረጥላቸው ሰልፍ መውጣታቸውን አላቆሙም። እውነታቸውን ነው።

እድር ደመወዝ መክፈል እንደማይችል አውቃለሁ። ሆኖም የቡድን መሪዎችን ከወርሃዊ መዋጮ ነፃ ማድረግ ይችላል። ደግሞም ለሰው ቤት ስትሮጥ የራሷ አጨዳ ለሚዘገይባት ሴት አንድ ቀን ደቦ መውጣት ገንዘብ አይጠይቅም።

የጠያቂው መልስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንዷን የመምረጡን ሐሳብ ትተነዋል። ጋቢው ለሁለቱም ይሆናል፤ ደብዳቤውንም ከነግልባጩ እኔ አዘጋጃለሁ፤ እናቶቹንም ባለቤቴ ታነጋግራለች። የመዋጮው ጉዳይ የመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻል ስለሚጠይቅ ለጉባኤው ይቀርባል። ደቦው ግን ጉባኤ ስለማያስፈልገው በኅዳር በጤፍ አጨዳ እንጀምራለን፤ የማን ማሳ እንደሚቀድም ራሳቸው የቡድን መሪዎቹ ዕጣ ይጣጣሉ።