ክርክር፦ በብስክሌት ዶፒንግን የሚያጋልጠው ላቦራቶሪ ነው ፖሊስ?

ማርሽ፦ ለናሙና ከሚወጣው ገንዘብ ግማሹ ወደ ወንጀል ምርመራ ይዙር ባይ ነኝ። ትልልቆቹን ቅሌቶች ማን አወጣቸው? (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1998 ፌስቲና የተባለውን የብስክሌት ቡድን መኪና ከነመድኃኒቱ ድንበር ላይ ያስቆመው ጉምሩክ ነው። በ2006 ዶክተር ፉየንተስ ለስፖርተኞች መልሶ ለመስጠት ያስቀመጣቸውን የደም ከረጢቶች የያዘው የስፔን ፖሊስ፣ በ2019 በጀርመን የኤርፉርቱን ሐኪም የደም ዶፒንግ መረብ የበጠሰውም ፖሊስ። አርምስትሮንግ ስንቱን ምርመራ አልፎ ሰባቱን የቱር ደ ፍራንስ ድሎች በ2012 የተነጠቀው ጓደኞቹ ስለመሰከሩበት ነው።

ቀይ ሴል፦ ታሪኩ ልክ ነው፣ ድምዳሜው ግን ይዘላል። በ2008ቱ ቱር ጣሊያናዊውን ብስክሌተኛ ሪኮን የያዘው ማነው? ሴራ (CERA) የተባለውን አዲስ የኢፒኦ (ቀይ የደም ሴል የሚያበዛ ሆርሞን) ዓይነት ተማምኖ ሲጋልብ ላቦራቶሪው ቀድሞት ተዘጋጅቷል። በዚያው ቱር የጋለቡት የሹማኸርና የኮል ጉድማ የወጣው ውድድሩ ካለቀ በኋላ፣ ናሙናቸው ዳግም ሲፈተሽ ነው።

ማርሽ፦ ከዚያስ? ብስክሌተኞቹ የሚወስዱትን መጠን ቀነሱ፣ ቀጠሉ።

ሽንትና ደም፦ መጠን መቀነሱ እንዴት እንደሚሠራ ሳይገባን አንከራከር። በ2008 የተጀመረው ባዮሎጂካል ፓስፖርት (የአትሌቱ የደም ውጤቶች መዝገብ) ኢፒኦን አይፈልግም፤ ኦክስጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢንንና ሬቲኩሎሳይትን፣ ማለትም ከመቅኔ ገና የወጡትን ለጋ ቀይ ሴሎች፣ ከሰውዬው ከራሱ የቀድሞ ውጤት ጋር ያነጻጽራል። ቀመሩ ሄሞግሎቢን (ግራም በሊትር) ሲቀነስ 60 ጊዜ የሬቲኩሎሳይት መቶኛ ስኩዌር ሩት ነው። 150 እና 1 ከመቶ ከሆነ 90 ይመጣል። የራሱን ደም መልሶ የተቀበለ ሰው ግን መቅኔው ማምረቱን ስለሚቀንስ፣ ለምሳሌ 165 እና 0.36 ከመቶ ቢሆን ውጤቱ 129 ይሆናል፤ እንዲህ ከፍ ማለቱ ጥርጣሬ ይጭራል። የሌላ ሰው ደም ቢሆን በቀጥታ ይለያል፣ ብስክሌተኛው ሃሚልተን በ2004 የተያዘው በዚሁ ነው። የራስ ደም ግን ቀጥተኛ መለያ የለውም።

አሁን ቀዳዳው። ጥቂት ኢፒኦ ሲታከልበት ለጋ ሴሎቹ አይወድቁም፣ ቀመሩም ዝም ይላል። ሄሞግሎቢን የሚለካው በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ስላለው ስለሆነ ፈሳሽ ሲጨመር ቁጥሩ ይወርዳል። በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ ያለ ሕክምና ምክንያት የተከለከለው አንድም ለዚህ ነው። በ2011 የታተመው የተመራማሪው የአሽንደንና የባልደረቦቹ ጥናት 10 ሰዎችን እስከ 12 ሳምንት በትንሽ መጠን ኢፒኦ ተከታተለ፤ አጠቃላይ ሄሞግሎቢናቸው በ10 ከመቶ ገደማ ሲጨምር ፓስፖርቱ አንዳቸውንም አልጠረጠረም።

የኋላ ጎማ፦ ይኸው ነው የሌሊት ምርመራ የሚያስፈልገው! አትሌቱ ለምርመራ እገኛለሁ ብሎ በየቀኑ የሚያሳውቀው የአንድ ሰዓት ቆይታ ከንጋቱ 11 እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። ማታ የተወጋ ጥቂት ኢፒኦ እስኪነጋ ከሽንት ሊጠፋ ይችላል። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ዩሲአይ ያቋቋመው ገለልተኛ ኮሚሽን በ2015 ሪፖርቱ ይህንኑ ቀዳዳ ጠቅሷል።

ቀይ ሴል፦ ሦስት ሳምንት ሙሉ የሚጋልብን ሰው በየሌሊቱ መቀስቀስ ግን ግፍ ነው። ከባድና የተለየ ጥርጣሬ ሲኖር ብቻ ይሁን የሚለው አሠራር ለእኔ ተገቢ ነው።

ማርሽ፦ ጥርጣሬው ከየት ይምጣ? ከጠቋሚ፣ ከስልክ ጠለፋ፣ ከፖሊስ። ወደ እኔ መጣህልኝ።

ሽንትና ደም፦ ከፓስፖርቱም ይመጣል። ለቅጣት የማይበቃ ትንሽ መዛነፍ የማንን በር መቼ ማንኳኳት እንዳለብን ይጠቁማል። ሦስት ሳምንት በሚፈጀው ውድድር ፕላዝማ ስለሚጨምር ሄሞግሎቢን መውረድ አለበት፤ ካልወረደ ያን ምሽት መሄድ ነው።

የኋላ ጎማ፦ ማርሽ፣ ፉየንተስን ራስህ ጠቅሰሃልና መጨረሻውን ልንገርህ። ዶፒንግ ያኔ በስፔን ወንጀል ስላልነበር የተከሰሰው በሕዝብ ጤና ነው፤ በ2016 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነጻ አወጣው። ከረጢቶቹ ለፀረ ዶፒንግ አካላት እንዲሰጡ የታዘዘውም ያን ጊዜ፣ ከ10 ዓመት በኋላ ነው። ዓለም አቀፉ የፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ ዋዳ 11 አትሌቶችን ቢለይም የይርጋው ጊዜ አልፎ ነበርና ማንንም መቅጣት አልቻለም። ፖሊስህ ያዘ፣ ግን ምን ተረፈ?

ማርሽ፦ እንግዲያው ጥያቄዬን ላስተካክል፦ ዶፒንግን ወንጀል ያላደረገ አገር ትልልቅ ውድድር አያዘጋጅ።

ቀይ ሴል፦ እሱን ዩሲአይ ይፈርማል ብለህ ነው? ግማሹ የውድድር ካላንደር ይጎድልበታል።