ቁልፉ ሲለቀቅ ሞተሩ ይጠፋል፦ የ1982 ዲኤክስ፣ ፑንቲናው በኤሌክትሮኒክ ተተክቶ

የሳሪሷ ዲኤክስ፦

ጤና ይስጥልኝ። መካኒክ አይደለሁም፤ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ነኝ። መኪናዋ የአባቴ ናት፤ እንደ ፈረንጆቹ የ1982 ኮሮላ ዲኤክስ፣ ሞተሯ 4ኬ፣ 1290 ሲሲ። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። እስካሁን «ሽጪያት» ያላለኝ ዘመድ የለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ሲከለከል ደግሞ እነዚያው ዘመዶች «እንኳን አልሸጥሽ» ማለት ጀመሩ።

በዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አንድ የጥፍር ሞረድ ነበር። ልጅ ሆኜ የእናቴ ይመስለኝ ነበር። ለካ አባቴ መንገድ ላይ ሲቆም ፑንቲናውን (እየተከፈተና እየተዘጋ የሻማውን እሳት የሚያስነሳውን ብረት) የሚያጸዳበት ነው! እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያው ሞረድ እየሞረድኩ፣ ክፍተቱን 0.45 ሚሊ ሜትር እያደረግኩ ኖርኩ። ባለፈው ወር ግን ሳሪስ አቦ አካባቢ፣ ጠዋት በሥራ ሰዓት፣ ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ ጡሩምባ ሲነፋብኝ በቃኝ አልኩ።

ሻርጃ የሚኖረው ወንድሜ ፑንቲናውንና ኮንደንሰሩን የሚተካ ኤሌክትሮኒክ ሞጁል ላከልኝ። ማግኔት ያለበት ቀለበት እሳቱን ለየሻማው በሚያከፋፍለው በዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ላይ ይሰካል፤ ሞጁሉ በፑንቲናው ቦታ ይታሰራል፤ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ቀዩ ወደ ቦቢናው (የባትሪውን ቮልት ለሻማው እሳት ከፍ የሚያደርገው ጥቅል ሽቦ) ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ወደ ኔጋቲቭ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ግቢ ውስጥ ሠራሁት፤ አንድ ሰዓት አልፈጀም።

ችግሩ ይኸውና። ቁልፉን እስከ መጨረሻው ሳዞር ሞተሩ ወዲያው ይነሳል፤ እንዲህ ቶሎ ተነስቶልኝ አያውቅም። ጣቴን ለቅቄ ቁልፉ ወደ ቦታው ሲመለስ ግን ቀጥ ይላል። አያስልም፣ አይንገዳገድም፤ መብራት እንደማጥፋት ነው። አሥር ጊዜ ሞከርኩ፣ አሥሩንም ያው። ቴስተር ስላለኝ ቁልፉን ከፍቼ የቦቢናውን ፖዘቲቭ ለካሁ፤ 12.3 ቮልት። ስለዚህ ቮልት አላነሰም ብዬ ደመደምኩ።

እግረ መንገዴን የሙቀት ሴንሰሩንም በአዲስ ቀይሬዋለሁ። ውሃ እንዳያፈስ ጥርሱን በቴፍሎን ጥሩ አድርጌ ጠቀለልኩት። አሁን የጌጁ መርፌ ከታች ንቅንቅ አይልም። ሁለቱ ነገሮች ይገናኙ ይሆን?

---

የሀዋሳው ሹፌር፦

እህቴ፣ እኔም ዲኤክስ አለኝ፣ ያንኑ አድርጌያለሁ። ቦቢናው ላይ ነጭ የሸክላ ነገር ታስሮ ታያለሽ፤ ባላስት ይባላል፤ ወደ ቦቢናው የሚሄደውን ኮረንቲ የሚቀንስ ነው። አውጥተሽ ጣይውና ሽቦውን በቀጥታ አገናኚ። በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ስለ ሙቀቱ አላውቅም፤ የእኔ ጌጅ ከገዛኋት ጀምሮ አይሠራም።

---

አሮጌ ካቻቢቴ፣ ከድሬዳዋ፦

ልጄ፣ ከመጣል በፊት መለካት ይሻላል። የሀዋሳው ወንድሜ፣ አትቀየመኝ፤ የአንተ ቦቢና ስንት ኦም እንደሆነ ለክተህ ታውቃለህ? ባለ 3 ኦም ቦቢና ከሆነ ባላስቱን ብታወጣ ምንም አይልም። ባለ 1.5 ከሆነ ግን በ4 አምፔር ፈንታ 8 አምፔር ያልፍበታል፤ ሞተሩ ተነስቶ ዲናሞው 14 ቮልት ሲሰጥ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ቦቢናው እጅ የማያስነካ ይሆናል፤ ሞጁሉም ይሞታል፤ የሚሞተው ደግሞ ዳገት መሃል ነው።

ልጄ፣ ያገኘሽው 12.3 ልክ ነው፤ ነገር ግን አታሎሻል። በዚያ ሰዓት በቦቢናው ውስጥ ምንም አላለፈም ነበር። የተዘጋ ቧንቧ ግፊቱ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ ሰፈሩ ውሃ እንዳለውና እንደሌለው የሚታወቀው ቧንቧው ሲከፈት ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። የሞጁሉን ሁለቱንም ሽቦ ንቀይ። ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢዩተሩ መሃል የሚሄደውን ወፍራም ሽቦ ከዲስትሪቢዩተሩ አውጥተሽ ጫፉን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኪው፤ አለበለዚያ እሳቱ አንቺ ላይ ይዘላል። ከዚያ የቦቢናውን ኔጋቲቭ በቁራጭ ሽቦ ከቦዲ ጋር አገናኚ፣ ቁልፉን ክፈቺ፣ ፖዘቲቩን ለኪ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ይበቃል፤ ቶሎ ዝጊ።

የምታገኚውን ከወዲሁ እነግርሻለሁ፤ 6 ቮልት ገደማ። ባላስቱ የተሠራው ለዚህ ነው። ስታርተሩ ሲዞር ባትሪው ይደክማል፤ ስለዚህ ቁልፉ እስከ መጨረሻው ሲዞር ቦቢናው ባላስቱን ዘልሎ በቀጥታ ከባትሪው ያገኛል። ስትለቂው በባላስቱ በኩል ይሆናል፤ ቮልቱም ይወርዳል። ፑንቲና ይህ አይገደውም፤ የሚከፈትና የሚዘጋ ብረት ነው። ሞጁል ግን ራሱ የሚበላው ቮልት ይፈልጋል። ሲያንሰው ይተኛል።

መድኃኒቱ፦ የሞጁሉን ቀይ ሽቦ ከቦቢናው አንሥተሽ ወደ ባላስቱ መግቢያ ውሰጂው፤ ከቁልፉ የሚመጣው ሽቦ የታሰረበት ጫፍ ማለቴ ነው። ቦቢናው ግን በባላስቱ ውስጥ እንዳለ ይቀጥል። ቁልፉ ስታርት ላይ እያለም እዚያ ጫፍ ላይ ቮልት መኖሩን አረጋግጪ፤ ከሌለ የተገላቢጦሽ ይሆንና ስትለቂው ብቻ ልነሳ ይላል።

ሁለት ነገር አደራ። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ከፍተሽ ራዲዮ አትስሚ፤ ሞጁልና ቦቢና የሚቃጠሉት እንደዚያ ነው። ፑንቲናውን ከነኮንደንሰሩ በጨርቅ ጠቅልለሽ ከአባትሽ ሞረድ ጋር አስቀምጪ።

ሴንሰሩ ከእሳቱ ጋር አይገናኝም። የእሱ ሽቦ አንድ ብቻ ነው፤ መመለሻው የራሱ ጥርስ ነው፤ በጥርሱ ከሞተሩ ብረት ጋር ይገናኛል። አንቺ በቴፍሎን ከፈንሽውና ከብረቱ ለየሽው።

---

ከቃሊቲ፦

ሶማሌ ተራ የ5ኬ ሞተር ዲስትሪቢዩተር ይገኛል፣ ከቶዮታ ላይትኤስ ላይ የወረደ። ከመጀመሪያውም ኤሌክትሮኒክ ነው፤ በ4ኬ ላይ ይገባል። ስትገዙ ዘንጉን ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት። ከተንገዳገደ ተዉት።

---

የሳሪሷ ዲኤክስ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ እንዳሉት አደረግኩ።

መጀመሪያ ኦሙን ለካሁ፤ ቦቢናው 1.5፣ ባላስቱ 1.6። ቁልፉን ከመክፈቴ በፊት ወረቀት ላይ አሰላሁት፤ 12.3 ለ3.1 ሲካፈል፣ በ1.5 ሲባዛ 5.95 ይመጣል። ከዚያ ለካሁ። 5.9! ለተማሪዎቼ ይህን ሒሳብ ስንት ዓመት አስተማርኩ፤ ኮፈን ስር ቆሞ ሲጠብቀኝ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። የጎረቤቴ ልጅ ስታርተሩን ሲያዞርልኝ 10.2 ሆነ፤ ሲለቅ ወረደ።

ቀዩን ሽቦ ወደ ባላስቱ መግቢያ ወሰድኩት። ሞተሩ ተነሳ፤ ቁልፉን ለቀቅኩ፤ አልጠፋም። ሃያ ደቂቃ በሚኒሞ (ጋዝ ሳልረግጥ) ትቼው ቦቢናውን ነካሁ፤ ይሞቃል እንጂ አያቃጥልም። የሀዋሳው ወንድሜ፣ እባክህ የአንተን ለካው።

ሴንሰሩን ደግሞ ከመመለሴ በፊት ልፈትነው ብዬ በድሮ ድስት ውሃ ጥጄ ነከርኩት፤ እናቴ ድስቷን ዳግመኛ አልነካም ብላለች። በ20 ዲግሪ ውሃ 812 ኦም ነበር፤ ሲሞቅ እየወረደ ሄደ፤ ውሃው ሲንተከተክ 51። ከትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ የተዋስኩት ቴርሞሜትር ግን 92 ላይ ቆሞ አልነቃነቅ አለ። ሰበርኩት ብዬ ደንግጬ ፊዚክስ መምህሩ ጋር ደወልኩ። ሳቀብኝ። ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጠሽ 100 ትጠብቂያለሽ አለኝ።

ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ቴርሞስታቴ (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው መክፈቻ) ላይ 88 የሚል ተቀርጿል። ውሃው በ92 የሚፈላ ከሆነ መሃላቸው አራት ዲግሪ ብቻ ነው ማለት ነው?

---

አሮጌ ካቻቢቴ፣ ከድሬዳዋ፦

የራዲያተሩን ክዳን አይተሽዋል? 0.9 የሚል (የሚይዘው ግፊት ነው) ከተጻፈበትና ላስቲኩ ደህና ከሆነ ውስጡን አፍኖ ስለሚይዘው ውሃው ከ110 በላይ ካልደረሰ አይፈላም። ላስቲኩ ከደረቀ ግን ያልሽው ልክ ነው፤ አራት ዲግሪ ብቻ ናት ያለችሽ። አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ያስወርዳል፤ ጥፋቱ የክዳኑ ነው። እዚህ ድሬዳዋ ቆላ ስለሆንን ውሃው በ96 ነው የሚፈላው፤ ነገር ግን የእኛ ፀሐይ ትርፏን ትወስዳለች።

ታይሚንጉን፣ ሻማው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ ማለቴ ነው፣ ግን አላነሳሽም። ሞጁል ሲገባ እሳቱ የሚሰጥበት ቦታ ይቀየራል።

---

የሳሪሷ ዲኤክስ፦

ክዳኑ ላስቲኩ እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ቀይሬዋለሁ። ሴንሰሩን ያለ ቴፍሎን፣ በመዳብ ዋሸር አሰርኩት። መርፌው አሁን ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆማል።

ስለ ታይሚንጉ እውነቱን ልናገር፤ አልነካሁትም። እሑድ እናቴን ይዤ ቢሾፍቱ ሄድኩ። ስንወርድ እንደ ቅቤ ነው። ስንመለስ ግን ጋዝ በረገጥኩ ቁጥር ሳንቲም ቆርቆሮ ውስጥ እንደሚንኳኳ ዓይነት ድምፅ ይሰማኛል። እናቴ «አባትሽ ሲነዳት እንዲህ አትልም ነበር» አለችኝ።

---

አሮጌ ካቻቢቴ፣ ከድሬዳዋ፦

እናትሽ ልክ ናቸው። ያ ድምፅ እሳቱ ቀድሞ ሲመጣ ነው፤ ፒስተን ይበሳል። የታይሚንግ መብራት እስክታገኚ ሩቅ አትሂጂ። ቫክዩም ቱቦውን ንቀይና ጫፉን ድፈኚ፤ በሚኒሞ እሳቱ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 8 ዲግሪ ቀድሞ እንዲመጣ አድርጊው። አየሩ ስስ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሁለት ዲግሪ ብትጨምሪ ትችላለች፤ ቆላ ስትወርጂ ግን መልሺው።

---

የሳሪሷ ዲኤክስ፦

ከሰፈራችን ጋራዥ መብራት ተዋስኩ። 17 ላይ ነበር። 8 አደረግኩት፣ ትንሽ ነዳሁ፣ ከዚያ 10 አልኩት። ትናንት ጎሮ ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ሞከርኳት፤ ምንም ድምፅ የለም። እናቴን ግን ገና አላሳፈርኳትም።