«ከባሕር ጠለል በላይ» ስንል ጠለሉ ምንድን ነው?

ዘደብረ ማርቆስ፦
ደብረ ማርቆስ «ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት» ብለን እንጽፋለን። ብዙ ሰው ግን «ከባሕር ወለል በላይ» ይላል። ወለል የቤት ወለል ከሆነ የባሕር ወለል ታቹ አይደለም ወይ? ጠለልስ ሥሩ ከየት ነው?

የቢቸናው፦
ወለልን ለዚህ ባንጠቀምበት ይሻላል ባይ ነኝ። ከውኃ በታች ስለተዘረጋ ኬብል ስንጽፍ «በባሕር ወለል ላይ» እንላለን፤ ያ ታቹ ነው። ለከፍታም ወለል ካልን አንድ ቃል ለላዩም ለታቹም ይውልና አንባቢ ይሳሳታል። ለታቹ «ወለል»፣ ለሚታየው ላይኛው «ገጽ»፣ ለልኬት መነሻው «ጠለል» ቢባል ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። «ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው» ሲባል ማንም አይደናገርም።

ጠለልን የምፈታው «ጠለለ» ከሚለው ነው። ጠላ በማጥለያ ሲያልፍ አተላው ከላይ ይቀራል፣ የጠራው ይወርዳል። የደፈረሰ ውኃም ዝቃጩ ወርዶ ሲረጋ ጠለለ ይባላል። እንግዲህ የባሕር ጠለል ንቅናቄው የተጣራለት፣ የረጋው ባሕር ነው። ዛሬ ጠዋት ዳር የቆመ ሰው የሚያየው ውኃ አይደለም።

ቀያሹ፣ ከባሕር ዳር፦
የቢቸናው ፍቺ ከሥራው ጋር ልክክ ይላል። ባሕር ለደቂቃም አይረጋም፤ ሞገዱ አለ፣ በአብዛኛው ዳርቻ ደግሞ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ለልኬቱ ወደብ ላይ ሰፊ ቧንቧ ቀጥ ብሎ ይተከላል። ውኃ የሚገባበት ቀዳዳ ከታች ነው፤ ጠባብ ነው፣ ስፋቱ ከቧንቧው ስፋት አንድ አሥረኛ ገደማ። በሴኮንዶች የሚመላለሰው ሞገድ በዚያች ቀዳዳ ለመግባት ጊዜ አያገኝም። በሰዓታት የሚመጣው ሙላት ግን ይገባል። ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ከፍ ዝቅ ሲል ይመዘገባል። ይኸ እንግዲህ ማጥለያ ነው፣ ሌላ ስም አያሻውም።

ቀዳዳው በደለል ወይም እዚያ በሚጣበቁ ባለዛጎል እንስሳት ሲደፈን የውስጡ ውኃ ከውጭው ይዘገያል፣ ንባቡም ይሳሳታል፤ ስለዚህ በየጊዜው መጥረግ ግድ ነው። ከዚህ የሚብሰው ወደቡ የቆመበት መሬት ራሱ ሲሰምጥ ነው፤ መሬቱ ወርዶ ሳለ ባሕሩ የወጣ ይመስላል። ለዚህ ሲባል የቧንቧው ከፍታ ዐለት ላይ ከተተከለ ምልክት ጋር ደጋግሞ ይነጻጸራል። በየሰዓቱ የተመዘገበው የ19 ዓመት ንባብ ተደምሮ ሲካፈል አማካዩ ይገኛል። ጠለል የምንለው እሱን ነው።

ዘመርጡለ ማርያም፦
19 አሉ? በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ንኡስ ቀመር የሚባለው ዑደት 19 ዓመት ነው። መምህራን «ባሕር»ን ዘመን፣ «ሐሳብ»ን ቁጥር ብለው ይፈቱታል። የእርስዎ 19 ከዚያው ምንጭ ነው?

ቀያሹ፣ ከባሕር ዳር፦
መምህር፣ ሁለቱም የጨረቃ ናቸው፤ ምክንያታቸው ግን ይለያያል። በንኡስ ቀመር 19 ዓመት 235 የጨረቃ ወራት ስለሚሞሉት ጨረቃ በዚያው ዕለት ገደማ ተመልሳ ትወለዳለች። የባሕሩ ግን የጨረቃ ጎዳና ያዘነበለበት አቅጣጫ ዞሮ የሚገጥምበት 18.6 ዓመት ነው፤ ወደ ሙሉ ዓመት ሲጠጋ 19 ይሆናል። በ5 ዓመት ቢቆረጥ የዑደቱ አንድ ወገን ብቻ ይያዝና አማካዩ ያጋድላል።

ዘመርጡለ ማርያም፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁጥሩ አንድ፣ ምክንያቱ ሁለት። ይህን ለተማሪ ለይቶ መንገር ያሻል።

የቢቸናው፦
«ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ሲባልም «በባሕር ጠለል» የሚለው ቃል ይዘነጋል። ወደ ላይ በወጣን መጠን አየሩ ስለሚሳሳ ደብረ ማርቆስ ላይ ውኃው በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የባቄላ ንፍሮ ከምፅዋ ይልቅ እዚህ እሳት ላይ የሚቆየው ለዚህ ነው።

ዘደብረ ማርቆስ፦
ያ በቀን ሁለቴ የሚሞላውና የሚጎድለው ማዕበል አይባልም?

የቢቸናው፦
አይባልም። ማዕበልን ነፋስ ያስነሣዋል፤ ይህን የሚስበው ጨረቃ ነው፣ ፀሐይም ታግዛለች። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትወለድ ሁለቱ ባንድ መሥመር ስለሚስቡ ሙላቱ ይበረታል። «ሙላት» ዓባይ ሲሞላ የምንለው ነውና ለመውጣቱ ይስማማል። ለመመለሱ ግን «ሽሽት» ብል እመርጣለሁ፤ «ጉድለት» ውኃው ያነሰ ያስመስላል፣ እሱ ግን ወደ ሌላ ዳርቻ ነው የሄደው።

ቀያሹ፣ ከባሕር ዳር፦
«ሙላትና ሽሽት» ደህና ነው። ለጣና ግን እንዳንጠቀምበት። ጣና ከክረምቱ በኋላ በመስከረም ከፍ ይላል፣ በጋው ሲያልቅ ይወርዳል፤ እሱ የዝናብ ሥራ ስለሆነ «ሙላትና ጉድለት» ይበቃዋል።