ጥቆማ፦ የላቴክ ግራፍ ቀለምና የጅማ ፕሪንት ቤቶች

አንዲት የእርሻ ኮሌጅ ተማሪ ትናንት ጠየቀችኝ። «ቴሲሴን በላቴክ (ጽሑፍና ግራፍ በትእዛዝ በሚያዘጋጀው ፕሮግራም) ነው የጻፍኩት። የግራፎቹን ቀለም እንዴት ልቀይር? በከለር ለማሳተምስ ጅማ ውስጥ የት ይሻለኛል?» እህቴ፣ ሁለቱም አንድ ጥያቄ ነው። ቀለም የሚመረጠው ለስክሪን ሳይሆን ለሚታተምበት ማሽን ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው።

የኔ ግራፍ ስለ ቡና ለቀማ ነበር። የበሰለውን እሸት በቀይ፣ ጥሬውን በጠቆር ያለ አረንጓዴ አደረግኩት። ስክሪን ላይ ገና ከቡና አምራቿ ጌራ እንደገባ እሸት ያምራል። ከዚያ ብር ለመቆጠብ ብዬ ኮፒዎቹን በጥቁርና ነጭ አስነሳሁ። የዲፌንሱ ቀን አንዱ ፈታኝ ገጹን ወደ መስኮቱ አዘንብለው አዩት፣ መነጽራቸውን አውልቀው ደገሙትና «ልጄ፣ የበሰለው የትኛው ነው?» አሉኝ። ሁለቱም ባር አንድ ዓይነት ግራጫ ነበር።

ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ላቴክ ውስጥ ቀለምን የሚይዘው ኤክስከለር የሚባል ጥቅል (ተጨማሪ ሥራ የሚሰጥ ፋይል) ነው። ቀለም ወደ ግራጫ ሲቀይር ከቀዩ 0.3፣ ከአረንጓዴው 0.59፣ ከሰማያዊው 0.11 እጅ ወስዶ ይደምራል። 0 ጥቁር፣ 1 ነጭ ነው። ንጹህ ቀይ 0.3 ይሆናል። የኔ አረንጓዴ ግማሹ ጥቁር ነበር። የ0.59 ግማሽ 0.295 ነው። ያው ነው እኮ! ፎቶ ኮፒ ማሽኑም በዚሁ ቀመር ይሠራል አልልም፤ ወረቀቱ ላይ ያየሁት ግን ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ቀለሞቹ። ፒጂኤፍፕሎትስ፣ ማለትም ግራፉን የሚስለው ጥቅል፣ ካልነካችሁት ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቡናማ፣ ጥቁር እያለ ይሄዳል። ለአሳይመንት ይበቃል። ለቴሲስ ግን አልወደውም፤ ያየው ሁሉ እንዳልደከማችሁበት ያውቃል።

እኔ የምመርጠው የኦካቤና የኢቶን ስብስብ ነው። ሁለት ጃፓናውያን ሳይንቲስቶች ቀይና አረንጓዴ የሚምታታባቸውን ሰዎች አስበው ያዘጋጁት 8 ቀለም ነው። ሰማያዊው 0፣ 114፣ 178 ነው፤ ቁጥሮቹ በተራ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን ናቸው፣ ከ255። ብርቱካናማው 230፣ 159፣ 0። በዚያው ቀመር ሳሰላቸው ሰማያዊው ወደ 0.34፣ ብርቱካናማው ወደ 0.64 ይመጣል። ኮፒም ቢደረጉ ይለያሉ። በጭፍን ግን አትመኑት። የዚያው ስብስብ አረንጓዴ (0፣ 158፣ 115) 0.42 ሲሆን፣ ወደ ቀይ የሚያደላው ብርቱካን (213፣ 94፣ 0) 0.47 ነው። በከለር ግሩም ናቸው፤ ኮፒ ላይ መንታ ይሆናሉ።

ከፍታን ወይም የዝናብ መጠንን የመሰለ ከትንሽ ወደ ብዙ የሚሄድ ነገር ካላችሁ ከለርብሪወርን ሞክሩ። አሜሪካዊቷ የካርታ ባለሙያ ሲንቲያ ብሩወር ለካርታ ብለው የሠሩት ነው፤ ፒጂኤፍፕሎትስ ውስጥ እንደ ላይብረሪ ይጠራል። ፎቶ ኮፒ መደረጉ የማይቀር ከሆነ ደግሞ «ብላክ ኋይት» የሚባለውን የፒጂኤፍፕሎትስ ዝርዝር ወይም የቲክዝን (የላቴክ ሥዕል መሳያ ጥቅል ነው) ሰረዝ ሰረዝ ሙሌት ተጠቀሙ። ውበት የለውም፤ አያሳፍርም ግን።

አሠራሩ ላይ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ቀለሙን በየግራፉ ላይ አትጻፉ። ሰነዱ መጀመሪያ ላይ በዲፋይንከለር ትእዛዝ ስም ስጡትና በስሙ ጥሩት። አድቫይዘራችሁ «ይሄ ቀለም ይቀየር» ሲሉ (ይላሉ!) የምትነኩት አንድ መስመር ብቻ ይሆናል። ቁጥሮቹ በቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እንደሚለኩ የሚናገረው አርጂቢ የሚለው ቃል በትልልቅ ፊደል ሲጻፍ ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ይቀበላል። በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ግን ከ0 እስከ 1 ብቻ ነው። እኔ ይህችን ሳላውቅ ግማሽ ሌሊት ሄዶብኛል። ፈዘዝ ያለ ሙሌት ሲያስፈልግ ከስሙ ቀጥሎ ቃለ አጋኖና ቁጥር ይጻፋል፤ «ብሉ!40» ማለት ከመቶ 40 እጅ ሰማያዊ፣ የቀረው ነጭ ነው። ከ15 በታች ግን አትውረዱ። ቶነሩ ያለቀ ማሽን ላይ እንዳለ ይጠፋል።

ሌላም አለ። ባሩን ወይም መስመሩን የሚስለው አድፕሎት የሚለው ትእዛዝ ላይ የራሳችሁን አማራጭ ስትጽፉ ነባሩ ቀለምና ምልክት ይጠፋል። እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ከትእዛዙ ስም ቀጥሎ የመደመር ምልክት ጨምሩበት።

ስለ ሶፍትዌሩ ብዙ አልልም። ላቴክን በኢንተርኔት የሚያሠራው ኦቨርሊፍ ምንም ሳትጭኑ ይሠራል፤ ግን ኔትወርክ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ነጻው አካውንትም ሰነዱን ለማቀናበር የጊዜ ገደብ አለው። ላቴክን ኮምፒውተራችሁ ላይ የሚጭነው ሚክቴክ ሲጫን ትንሽ ነው፤ የጎደለውን ጥቅል በተፈለገ ጊዜ ያወርዳል። ሌላው የላቴክ መጫኛ፣ ሙሉው ቴክ ላይቭ፣ ከ5 ጊጋ ባይት በላይ ስለሆነ በራሳችሁ ካርድ አታውርዱት፤ ከጫነ ጓደኛ በፍላሽ ለምኑ። ግራፉ ላይ አማርኛ ካለ የአማርኛ ፊደል በሚቀበለው የላቴክ ዓይነት፣ በዚላቴክ፣ በአቢሲኒካ ወይም በኖቶ ፊደል አስኪዱት።

ወደ ፕሪንት ቤቶቹ ስንመጣ የማንንም ስም አልጠራም። ዋናው ግቢ በር አካባቢ ያሉት ፈጣኖች ናቸው፣ ጥረዛውንም እዚያው ይጨርሱላችኋል። ሰልፉ ግን በዲፌንስ ሰሞን አይጣል ነው። ኪቶ ፉርዲሳ (የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ) በኩል ያሉት ፒዲኤፍ ለምደዋል፤ «ዎርዱን አምጪ» ብለው አያደክሙም። ወደ መርካቶ ያሉት ባነር አታሚዎች ቀለማቸው ደማቅ ነው፤ ለፖስተር እንጂ ለቴሲስ ገጽ አልመክርም።

ከቤቱ ይልቅ ግን ማሽኑን ጠይቁ። ሌዘር ከሆነ ግቡ። ኢንክጄት ከሆነ ሙሉ የተሞላ ባር ወረቀቱን ያረጥበዋል፣ ክረምት ላይማ የጅማ እርጥበት ተጨምሮበት ገጹ ይሸበሸባል። ግራፍ ያለባቸውን ገጾች ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱና እነሱን ብቻ በከለር፣ ሌላውን በጥቁር አስወጡ። መጀመሪያ አንድ ገጽ ለሙከራ አሳትሙ። ልጁ ቢያጉረመርምም ችላ በሉት።

እህቴ፣ ከቤት ሳትወጪ ደግሞ ይህን አድርጊ። ኤክስከለርን «ግሬይ» በሚል አማራጭ ጥሪው፤ ከቲክዝና ከፒጂኤፍፕሎትስ በላይ አስቀምጪው፣ አለዚያ ይጋጭብሻል። በስም የጠራሻቸው ቀለሞች ሁሉ ግራጫ ይሆናሉ። ባሮቹን ካልለየሻቸው ፈታኞችሽም አይለዩዋቸውም። ከተለዩልሽ «ግሬይ» የምትለዋን ቃል አጥፊና ፍላሽሽን ይዘሽ ውጪ።